ስመኝ ያየችው ዓሣ ነባሪ

እኔ የምለው፣ ዓሣ ነባሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ደብረ ታቦር ተቀምጦ ማን ያያል? ግን ትዳሬን ሊያፈርስብኝ ነበር፤ ያውም ገና ሳልመሠርተው።

ስመኝ የምትባል ልጅ እወዳለሁ። ኦማን አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን እንድትጠብቅላቸው ወደ ባሕሩ ዳር ይዘዋት ሄዱ። እዚያ፣ ሦስት ሚኒባስ ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠም የሚያክል ፍጥረት ከውሃው ዘሎ ወጥቶ፣ አየር ላይ ተገልብጦ፣ ጧ ብሎ ሲወድቅ አየች። ይህችን ጉና ተራራ ሥር ላለው ሰፈሯ አወራች። አለቀላት! ሰፈሩ ዓረብ አገር ናላዋን አዙሮ ላካት አለ።

ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ አባቷ አያ ሞላ እኔን አልጠሉኝም። ግን እብድ ልጁን በሰው ትከሻ ላይ ጣለ መባል አልፈልግም፣ መጀመሪያ ያ አውሬ መኖሩን አስረዱኝ አሉ። ሽማግሌዎቼ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር ያውቃሉ። ዓሣ ነባሪ ከየት ያምጡ? ጨነቃቸውና ደወሉልኝ። አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም፣ ነውር ነው። እኔ ግን ሄድኩ። ስመኝን ከወደድኩ ወዲህ ስለ ዓሣ ነባሪ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተውኩትን ትምህርት በእሱ ጨርሼዋለሁ።

ቪዲዮውን ለአያ ሞላ አሳየኋቸው። ስልክ ውስጥ ድመት እስክስታ ስትወርድም አይቻለሁ፣ አላምነውም አሉ። ከዚያ የሚያውቁትን መንገድ ያዙ። አያ ሞላ ሐሙሲት ገበያ አፉን ከፍተው ሳያዩ በሬ ገዝተው አያውቁም።

"ጥርሱ እንዴት ነው?"

"ጥርስ የለውም፣ አያ።"

ሽማግሌዎቼ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ጥርስ የሌለው ከብት ማን ይገዛል? ቶሎ ብዬ ቀጠልኩ። ከላይኛው መንጋጋው እንደ ፈረስ ጭራ የሻከረ ነገር መጋረጃ መስሎ ይንጠለጠላል። ባሕሩን ከነዓሣው ይጎነጫል፣ ውሃውን መልሶ ይተፋል፣ ደቃቃው ሁሉ ውስጥ ይቀርለታል አልኳቸው። አያ ሞላ የያዙትን ጠላ ትክ ብለው አዩት።

"ያጠልላል በለኛ" አሉ።

እንቁላል ይጥላል ወይ አሉ። ስሙ ነው እንጂ ዓሣ አይደለም፣ ለመተንፈስ ብቅ ይላል፤ ሴቷ ዓመት ገደማ አርግዛ አንድ ትወልዳለች፣ ታጠባለች አልኩ። ከላም ሦስት ወር ቢጨምር ነው፣ ለአካሏ ይመጥናል አሉ። ይሄኔ ገፋሁበት። ብዙዎቹ ቀዝቃዛው ባሕር ላይ በልተው ይሰቡና፣ ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ሲወርዱ ለወራት ምንም አይቀምሱም። እናት ጾማ ታጠባለች። አያ ሞላ ጠላቸውን አስቀመጡ። እኛ ሁዳዴን እንኳ ከቅዳሴ በኋላ እንቀምሳለን አሉ።

"ይሄን ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ አይፈጥረውም። ልጄ አልዋሸችም።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ደስታ አሰከረኝ። ወንዱ ደግሞ፣ አልኩ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ለሰዓታት ያዜማል፣ ድምፁ ሩቅ ድረስ ይሰማል። ሌላስ ምን ይሠራል አሉ። በሴት ከሌሎች ወንዶች ጋር ይጋፋል አልኩ። ልጁንስ ማን ያሳድጋል አሉ። እናቲቱ ብቻዋን አልኩ።

አያ ሞላ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አንተ ሥራህ ምን ነበር?"

ሽማግሌዎቼ ትራንስፖርት ላይ ነው ብለው ነበር ያለፉት። ምን ልበል? መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ሐሙሲት፣ ባሕር ዳር እያልኩ ስጮህ እውላለሁ። በአንድ ተሳፋሪ ከጓደኞቼ ጋር እጋፋለሁ። ይህንኑ ተናገርኩ።

"ልጄ እስከ ዛሬ አላበደችም" አሉ አያ ሞላ። "አንተን ያገባች ዕለት ግን አበደች።"

ከጓዳ የስመኝ ሳቅ አመለጠ።

"አባዬ፣ እንግዲያስ አብጃለሁ።"

ሰርጋችን ጥር ላይ ነው። አያ ሞላ በሽማግሌ ፊት አንድ ቃል አስገብተውኛል፤ ልጅ ሲወለድ የሚጮኸው ልጁ ነው፣ የማዝለው እኔ። ለዓሣ ነባሪው እንዳትነግሩብኝ።