በረዶ ፍለጋ ከበረዶ አገር የሚሰደዱት ክቡር ኩዋባራ

ደጁ ላይ የተከመረውን ነገር ፍለጋ ባሕር የሚሻገር ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። ማር አገር ተወልዶ ማር ፍለጋ ይሰደዳል፤ ሲመለስ ደግሞ «እዚያ ማዶ ያለው ንብ እኮ…» እያለ ጎረቤቱን ያሰለቻል። ለእኛ መንደር የደረሱን ክቡር ኩዋባራ ቴትሱጂ ናቸው።

መንደራችን ጃፓን ውስጥ፣ ከኒጋታ ተራሮች ሥር ናት። በጥር በረዶው የምድር ቤቱን መስኮት ይደፍነውና በፎቁ መስኮት እንወጣለን። ጣሪያችንን በአካፋ ካልጠረግን ቤቱ ላያችን ላይ ይወርዳል። እንግዲህ በዚሁ በጥር፣ ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ጣሪያ ሲወጣ፣ ስድሳን የተሻገሩት ክቡርነታቸው ስኖውቦርዳቸውን ተሸክመው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ሁለት እግራቸውን አስረው ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ሳንቃ ነው። ወዴት ነው ሲሏቸው «በረዶ ፍለጋ» ይላሉ፤ አያፍሩም።

የእሳቸውን ጣሪያ የሚጠርገው ጎረቤታቸው ነው። ጎረቤታቸው ደግሞ እኔ ነኝ፣ አኩሪ አተር አፍልቼ ቶፉ የሚባለውን አይብ የማረጋው ሙራኖ፤ በትርፍ ጊዜዬ ለሸለቆአችን ጋዜጣ ይህችን ዓምድ እጽፋለሁ። በእኛ ዘንድ «ጣሪያዬን ጥረግልኝ» ብሎ መለመን ነውር ነው። ያየ ሰው ራሱ መጥቶ ይጠርጋል፤ የተጠረገለትም ውለታውን በሆነ ነገር ይመልሳል። ክቡርነታቸው የሚመልሱት በስጦታ ነው፤ ከስጦታቸው ይሰውራችሁ።

አንድ ዓመት ከካሽሚር በስንደዶ የተለበጠች የፍም ማሰሮ አመጡ። እዚያ ሰው ሁሉ ካፖርቱ ሥር አቅፏት ይሄዳል አሉ። ሊያሳዩን ብለው በመንደሩ ስብሰባ ላይ ፍም ሞልተው ካፖርታቸው ሥር ሸጎጧት። ሰብሳቢው ስለ መንገድ ጠረጋ ሲናገር የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። ክቡርነታቸው ሱሪያቸው እየጨሰ እንኳ «ካሽሚሮች እኮ አይቃጠሉም፤ አያያዙን ያውቁበታል» እያሉ ያስረዱን ነበር። በሌላው ዓመት ደግሞ እንደ ጠጠር የደረቀ የእርጎ ድቡልቡል ከኪርጊስታን ይዘው መጡ። ሽማግሌው ኦጊሶ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሰበረበት።

ከሁሉ የከፋው ግን ፍልውሃው ነው። ሲመሽ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ገንዳው ውስጥ እስከ አንገቱ ይዘፈዘፋል። ራቁቱን የተነከረ ሰው ደግሞ የትም አይሸሽም።

«ኢራን ብትሄዱ፣» ይጀምራሉ ክቡርነታቸው፣ «ወደ ተራራው የሚያወጣህ ሠራተኛ ሻይ ሳያጠጣህ አያሳፍርህም። የእኛው ቲኬት ብቻ ነው የሚያውቀው! ኮሪያ ብትሄዱማ፣ ሲመሽ መብራት አብርተው ነው የሚንሸራተቱት። የሰዉ ብዛት! አንዲት አሮጊት ላሳልፍ ብዬ አጥር ውስጥ ገባሁ።»

«ቆይ አንተ ቴትሱጂ፣» አለ አንድ ቀን ኦጊሶ፣ «እዚያ ያለው በረዶ ነጭ አይደለም እንዴ?»

«ነጭ ነው።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«አባቴ፣ በረዶና በረዶ ይለያያል። ኪርጊስታን ብትሄዱ ዱቄት ነው። የእኛው ሊጥ ነው፣ ሊጥ!»

ሊጡን ከጣሪያቸው ላይ ስገፋ የከረምኩት እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

በገንዳው አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለን፤ ማንም «ከዚያስ?» ብሎ አይጠይቅም። አዲሱ ፖስተኛ አንድ ጊዜ ሳያውቅ ጠይቆ፣ ጣቱ እንደ ዘቢብ ተጨማዶ ነው የወጣው።

ዘንድሮ የአኩሪ አተር ድስት ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለና ወደቅኩ። በረዶውም የእኔን መተኛት የጠበቀ ይመስል ያለማቋረጥ ይጥል ጀመር። ክቡርነታቸው በዚያን ጊዜ ኪርጊስታን ናቸው። እዚያ አንድ የሚመኙት ሸለቆ አለ፤ በሄዱ ቁጥር ወይ ነፋስ ወይ ጭጋግ ይመልሳቸዋል። እሱን በጥሩ ቀን ሳይወርዱ መሞት እንደማይፈልጉ ጆሯችን እስኪደነቁር ነግረውናል።

ጎረቤቱ ሁሉ የራሱ ጣሪያ ላይ ነው፤ ግማሹም ከእኔ የባሰ ሽማግሌ ነው። ከላዬ የጣሪያው አግዳሚ ሲያቃስት ተኝቼ እሰማለሁ። ቤቱን የሠራው አባቴ ነው፤ የቶፉ ድስቴም እዚያው ሥር ነው። ቢወድቅ እንደገና የምሠራበት ዕድሜ የለኝም። ፈራሁ።

«ለቴትሱጂ ልደውልለት?» አለችኝ ባለቤቴ ኪኑዬ።

«አይደረግም!»

«ቤቱ ሲወድቅስ?»

«ያኔም እንዳትነግሪው። ‹የኪርጊስታን ቤት አይወድቅም› ይለኛል።»

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ላይ፣ ጣሪያዬ ላይ አካፋ ሲቧጥጥ፣ በረዶ ዱብ ሲል ሰማሁ። ወዲያው አንድ የማውቀው ድምፅ ከላይ መጣ፤ «ኪርጊስታን ብትሄዱ አካፋ እንዲህ አይደለም የሚያዘው!»

በቀልድ አንቱ ማለቱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። አንደበቴ እምቢ አለኝ።

«ምነው ቶሎ መጣህ?» ብዬ በመስኮቱ ጮህኩ።

«በረዶው አይረባም ነበር! ድንጋይ በድንጋይ!»

ካፖርቱን እኛ ቤት ጥሎት ነበርና ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ኪኑዬ አንስታ ወደ እኔ አዞረችው። በስልኩ መስታወት ላይ ነጭ የሱፍ ቆብ ያደረገ ሰው ብቅ አለ። ቴትሱጂ ኪርጊስታን ሲሄድ የሚያርፍበት ቤት ባለቤት፣ ኤርመክ ነው። ሦስት ዓመት ጃፓን ቲማቲም ሲለቅም ስለኖረ ቋንቋችንን ይናገራል።

«ቴትሱጂ ደረሰ?» አለና አተኩሮ አየኝ። «አሃ! አንተ ሙራኖ ነህ! ቶፉው! ወገብህ እንዴት ነው?»

ስለ ወገቤ ማን እንደነገረው ለማወቅ ወደ ኪኑዬ ዞርኩ። እሷ ሽንኩርት መላጥ ጀምራለች።

«እንዴት አወቅከኝ?» አልኩት።

«ኧረ እንዴት አላውቅህ! ‹እኛ መንደር ብትመጡ› እያለ ጨረሰን እኮ! ሚስቴ የበግ ሥጋ ስታቀርብለት ‹የሙራኖን ቶፉ ብትቀምሱ› ይላል። መታጠቢያችን ሲገባ ‹ይሄም ውሃ ነው? የእኛ ፍልውሃ…› ይላል። በበረዶው ስንመካ ‹ይቺ ናት? የእኛው ቤት ይሰብራል!› ይለናል። እንግዶቼ ከሱ ጋር እራት አንቀመጥም ብለዋል።»

«ዘንድሮ ግን በረዶው አይረባም አሉ።»

ኤርመክ ሳቀና ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ሸለቆው ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፤ አንድ ዱካ የለበትም።

«ስንት ዓመት የጠበቀው ይኸው። ሳንቃውን እግሩ ላይ አስሮ ሊወርድ ሲል ነው ከእናንተ የተደወለለት። ሰማ፣ ቁጭ ብሎ ፈታው። ‹የሙራኖ ቤት አሮጌ ነው› አለኝና ሄደ።»

እንባዬ መጣ። ኪኑዬ ስታየኝ በሽንኩርቷ አሳበብኩ። ከላይ አካፋው እየቧጠጠ ነው፤ አግዳሚው ማቃሰቱን ትቷል።

ወገቤ ሲሻለኝ ፍልውሃ ወረድኩ። ቴትሱጂ እስከ አንገቱ ተዘፍዝፎ አገኘሁት። ገና ሲያየኝ ጀመረ።

«ኪርጊስታን ብትሄዱ…»

ኦጊሶ ዓይኑን ጨፈነ። ፖስተኛው ፎጣውን ፍለጋ እጁን ሰደደ። እኔ ቀስ ብዬ ውሃው ውስጥ ገባሁና ጎኑ ተቀመጥኩ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

ቴትሱጂ ውሃውን እየረጨ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ተረከልኝ፤ እኔም ጣቴ ዘቢብ እስኪመስል ድረስ ደጋግሜ ጠየቅኩት።