አማትን መቅደም

በየሐበሻው ቤተሰብ አንድ የማይጠፋ ሰው አለ። በር ላይ ሲደርስ ገለል ይልና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም!» ይላል። አንተም ጨዋ ያሳደገህ ነህና «አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ትላለህ። አለቀ! ከዚያ በኋላ ማንም አይገባም። ዋሽንግተን አጠገብ ያሉት የሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንቶች በክረምት ለምን እንደማይሞቁ ግራ የገባው ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በሩ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች እየተገባበዙ ነው።

የዚህ ወገን አለቃና አርበኛ ክቡር አቶ ንጉሡ ናቸው፤ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ የላንድማርክ ሰፈር ሰው። ቢንያም ምን በድሎ እንደሆነ አይታወቅም፣ እግዜር እኚህን ሰው አማት አድርጎ ሰጠው። አቶ ንጉሡ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ። ሥራቸው ሰውን ከሰልፍ ፊት ማድረስ ነው፤ በነጻ ሥሩ ቢባሉም ይሠሩት ነበር።

ሲነዱማ አይጣል ነው! በአራቱም በኩል ስቶፕ ያለበት መንገድ ላይ ሕጉ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሂድ ይላል። አቶ ንጉሡ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ከዚያ የቀኙን ያሳልፋሉ፣ የግራውን ያሳልፋሉ፣ ውሻውን ይዞ የሚሮጠውን ሰውዬ ያሳልፋሉ። ከኋላ ክላክስ ሲደረግባቸው ምስጋና እየመሰላቸው እጅ ይነሣሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብሩክታይት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጠው አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «አንተ ሰው ስታሳልፍ ዕድሜያችን አለፈ እኮ!»

ሠርግ ላይ ደግሞ ለምግብ ሲሰለፉ ከፊት ይጀምሩና እያሳለፉ እያሳለፉ ሳህኑ ዘንድ ሲደርሱ የቀረው ሰላጣ ነው። ከኋላቸው የተሰለፉት ሚስትና ልጅም ያው ሰላጣ ነው የሚደርሳቸው። ሃኒ፣ አንድያ ልጃቸው፣ የቢንያም ሚስት፣ ኮሌጅ እስክትገባ ድረስ ሠርግ ላይ ክትፎ እንደሚቀርብ አታውቅም ነበር።

ቢንያም በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። ለጓደኞቹ እያስመሰለ ሲያሳያቸው ሆዳቸውን ይዘው ይወድቃሉ። ሳቁ ያቆመው ሃኒ ያረገዘች ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቢንያም የሚሠራው አርሊንግተን ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት የማይፈቀድበት ሕንፃ ነው፤ ጠዋት ስልኩን በር ላይ ሎከር ውስጥ ይቆልፋል፣ ማታ ይወስዳል። ሃኒ በቀን ምጥ ቢመጣባት እሱ የሚሰማው ከሥራ ሲወጣ ነው። አምቡላንስ ይጠራ እንዳይባል ሃኒ ምላለች፦ «እማዬ አጠገቤ ካልሆነች ከቤት ንቅንቅ አልልም!» እማዬ ደግሞ ያሉት አሌክሳንድሪያ ነው፤ መኪናም አይነዱም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአቶ ንጉሡና ከተማውን በሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ በቤልትዌይ፣ መሐል ቀረ።

አቶ ንጉሡና ቤልትዌይ ከተጣሉ ቆይተዋል። ባለፈው ፋሲካ ሊገቡበት ሞክረው መግቢያው ጫፍ ላይ ቆሙ። «ይህቺ ትለፍ፣ ይህቺም ትለፍ…» እያሉ መኪና እስኪያልቅ ጠበቁ። ቤልትዌይ ላይ መኪና አልቆ ያውቃል? በመጨረሻ ፖሊስ መጥቶ መብራቱን አብርቶ መንገዱን ዘጋላቸውና «ግቡ» አላቸው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» ከዚያን ቀን ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጡት በከተማው ውስጥ ለውስጥ ነው፤ ምሳ ከተጠሩ ለመክሰስ ይደርሳሉ።

እስቲ ይህን ለአማት እንዴት ይነግሩታል? አማቱን «መንዳት አይችሉም» የሚል አማች ገና አልተወለደም። ቢንያም ብዙ አሰበና በድክመታቸው ገባባቸው።

«ጋሼ፣ አንድ የመኪና ክለብ የሚያስተምረው የፈጣን መንዳት ትምህርት አለ፤ የውድድር ሜዳ ላይ። ብቻዬን መሄድ ደበረኝ። አብረውኝ ቢማሩ?»

«ላንተ ካልሆንኩማ ለማን ልሆን ነው ልጄ!» አሉ አቶ ንጉሡ።

ቢንያም ይህን ትምህርት የሞከረው አንድ ጊዜ ቢሆንም የቀረውን በዩቲዩብ ጨርሶታል። ጥቁር ማንዋል መኪና አለው፤ ስለ ኩርባ አወሳሰድ ሲያወራ ሃኒ ትተኛለች። አማቱን አስተምሮ፣ እግረ መንገዱንም ሚስቱ ፊት እንደ ነፋስ ሊያልፍ ነው ሐሳቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ዌስት ቨርጂኒያ ደረሱ። ሃኒ ሆዷን አስቀድማ፣ ተጣጣፊ ወንበር ይዛ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ተማሪዎቹ መኪናቸው ውስጥ የሚንከባለል ነገር እንዳይኖር ሁሉን እንዲያወጡ ታዘዙ። ከአቶ ንጉሡ መኪና የጸበል ጀሪካን፣ የወይዘሮ ብሩክታይት ነጠላ፣ ግማሽ ከረጢት ቆሎ፣ ሁለት ጃንጥላና የማን እንደሆነ ያልታወቀ የዊልቸር እግር ማሳረፊያ ወጣ። ፈታሹ ሰውዬ ማሳረፊያውን አገላብጦ አየው። አቶ ንጉሡ ቆሎ ጋበዙት።

ከዚያ ክፍል ገብተው ሕግ ተነገራቸው። ጥቁር ባንዲራ የታየበት ሰው ጥፋት አለበትና ከሜዳው ይወጣል። ሌላው ሕግ ደግሞ፣ ከፊት ያለው ሹፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ በጣቱ ካላመለከተህ በቀር ማለፍ ክልክል ነው። አቶ ንጉሡ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ሰማህ ቢኒ? ሰው ቅደም ሳይባል የማይቀድምበት አገር! እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ኖሮ ሳናውቀው!»

ሜዳው ላይ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጎን አስተማሪ ይቀመጣል። ለአቶ ንጉሡ የደረሰቻቸው ሚስ ጆይስ የምትባል ሽበታም ሴት ናት። በሩን ከፍተው፣ ቀበቶዋን አቀብለው፣ ሄልሜታቸውን አውልቀው እጅ ነሥተው ተነሡ። ወዲያው ክንዳቸው በመስኮት ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። አንዱን አሳለፉ፣ ሌላውን አሳለፉ፣ ሜዳው ማዶ ገና በመዞር ላይ ያለውን ሳይቀር ቆመው ጠብቀው አሳለፉ። ሚስ ጆይስ በሄልሜቱ ማይክ «ነዳጅ ይስጡት! ነዳጅ!» ትላለች። እሳቸው «ይህቺን ላሳልፍና» ይላሉ።

ቢንያም ኩርባውን አሳምሮ ወጥቶ ከፊቱ የአማቱን ግራጫ መኪና አየ። ክንዱም ተዘርግቷል።

«አሳልፎሃል፣ እለፍ!» አለው አጠገቡ ያለው አስተማሪ።

ጉድ ፈላ። የቢንያም እግር ነዳጁን አልረግጥ አለ። እንዴት ነው አማቱን፣ የሚስቱን አባት፣ በሽበታቸው፣ ያውም ሃኒ እያየች፣ ጭስ አልብሷቸው የሚያልፈው? ይሉኝታ ሰንጎ ያዘው። ቀዝቀዝ አለና ከኋላ ቀረ። አቶ ንጉሡ በመስታወት ሲያዩ ቢኒ ነው! «ቅደም እንጂ ልጄ!» እያሉ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አወጡ፤ መኪናውንም አቀዘቀዙለት። ቢንያምም አቀዘቀዘ። ጭራሽ የራሱን ክንድ አውጥቶ «እርስዎ ይሂዱ» ይል ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አስተማሪው።

«አማቴ ናቸው» አለ ቢንያም።

«እና?»

ይህ «እና?» የሚባል ጥያቄ በእንግሊዝኛ መልስ የለውም። ሁለቱ መኪኖች ሁለት ክንድ ዘርግተው የሰው እርምጃ ያህል ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው የውድድር ሜዳው በሙሉ ተሰልፏል። ስፖርት መኪኖች እንደ ቀብር አጃቢ ሲከተሉ ማየት ነበር! ጥቁሩ ባንዲራ ለሁለቱም ተውለበለበ። መውጫው ላይ ደርሰው እንኳ ማን ቀድሞ ይውጣ በሚለው ትንሽ ተከራከሩ።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን እያከከ ጠበቃቸው። «በፍጥነት ሰው አስወጥቻለሁ» አለ፤ «በስድብም አስወጥቻለሁ። በትሕትና ግን ይኸው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሃኒ ወንበሯን ጥላ መጣች። አመጣጧን አይቶ ኃላፊው ራሱ ገለል አለ።

«ሲሪየስሊ? ሁለታችሁም?» አለች። ዞረችና ቢንያምን፦ «አንተ ደግሞ በአባቴ ስትስቅ የኖርከው! ቁርጥ እሱን እኮ ነህ!» እንባዋ መጣ። «አባዬ፣ ምጡ ሲመጣ እንዴት ነው የምትደርስልኝ? እናንተ ቅደም ቅደም ስትባባሉ እኔ ሶፋ ላይ ልወልድ ነው?»

ቢንያም መሬት መሬት አየ። አፍሮ የሚገባበት ጠፋው፤ የሳቀበት ሁሉ እሱም ጋ አለ።

ሚስ ጆይስ ነገሩ ባይገባትም የሃኒን ሆድ አየችና የገባት መሰለች። «ጌታዬ» አለቻቸው፤ «እርስዎ የሚያዩት የሚያሳልፉትን ብቻ ነው። ከኋላዎ የቆመውስ? የቆሙት እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ እሱንም አቁመውታል።»

አቶ ንጉሡ ዞረው ልጃቸውን አዩ። ከኋላቸው ማን ነበር? ዕድሜ ልኳን ከኋላ መቀመጫ የነበረችው ሃኒ ናት፤ ከኋላቸው ተሰልፋ ሰላጣ የበላችውም እሷው ናት። ለመንገደኛ ሁሉ ሲሰጡት የኖሩት ተራ የሳቸው ብቻ ሳይሆን የልጃቸውም ነበር። ይህ ዛሬ ገና ታያቸው፤ ልባቸውም ተነካ።

«ለካስ መሄድም ጨዋነት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ፈቅዶላቸው አቶ ንጉሡ እንደገና ተነሡ። ወደ ሜዳው መግቢያ ላይ መኪኖች ይፈሳሉ፤ ሃኒ አጥሩን ጨብጣ ቆማለች፤ ቢንያም አጠገቧ አለ። ግራጫዋ መኪና መጣች፣ ቀዝቀዝ አለች… ከዚያ አጓርታ መሐል ገባች! ሃኒ እልልታዋን ለቀቀችው። ባንዲራ ያዡ ሰውዬ አደጋ የደረሰ መስሎት ቢጫውን አነሣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢንያም ማታ ከሥራ ወጥቶ ሎከሩን ሲከፍት ስልኩ በሚስድ ኮል ተጥለቅልቋል። እየበረረ ሆስፒታል ሲደርስ ሁሉም አልቋል፤ ልጁ ተወልዷል። ወይዘሮ ብሩክታይት ኮሪደሩ ላይ ይዘው አልለቅ አሉት፦ «ቤልትዌይ ሲገባ ዓይኔን ጨፍኜ ጊዮርጊስን ጠራሁ። ስገልጥ መሐል ሌይን ላይ ነን! አንዱን ግዙፍ ትራክ ቀደመው፤ ይቅርታ እንኳ ሳይለው! እዚህ ደርሰንማ ዊልቸሩን ለነርሶቹ መች ሰጠ! የሰውን ልጅ ሁሉ ሲገፋ ኖሮ ዛሬ የራሱን ገፋ።»

ነርሷ ሕፃኑን ጠቅልላ ብቅ አለች። «ማን ይቅደም?» አለች ፈገግ ብላ። ምን እንደጠየቀች አላወቀችም።

ቢንያም ልጁን ለማቀፍ ቸኩሏል። አቶ ንጉሡ ግን ገለል ብለው እጃቸውን ወደ ደረታቸው ማንሣት ጀምረዋል። «ኧረ በሞ…» ሳይጨርሱ ቢንያም ክንዱን ዘረጋ። ቀጥ አድርጎ፣ በአንዲት ጣት፣ ልክ እንደ ሜዳው ሕግ፣ ወደ ነርሷ አመለከተ።

አቶ ንጉሡ ጣቱን አዩት። ዞር ብለው ደግሞ ከኋላቸው ወይዘሮ ብሩክታይት እጃቸውን ዘርግተው መቆማቸውን አዩ። ሁለት እርምጃ ተራመዱና ልጁን ተቀበሉ። ቢንያም እኚህን ሰው ምን ያህል እንደሚወዳቸው ያኔ አወቀ፤ ዓይኑን በክራቫቱ ጠረገ።

«በል እንግዲህ አሳልፍ» አሉ ወይዘሮ ብሩክታይት ቆየት ብለው። «ከኋላህ ሰው አለ።»

አቶ ንጉሡ ሕፃኑን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት።

«ቆዪ እንጂ» አሉ። «ተራዬ ነው።»