የኋላ ማርሹን ማን አበላሸው?

የሰው መኪና ከፍቶ ራሱን የማይነቀንቅ መካኒክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። «ማነው ከእኔ በፊት የነካው?» ይላል። ጥፋተኛው ምንጊዜም ያ በቦታው የሌለው ሰው ነው።

የመካነ ሰላሙ መካኒክ ይመር የሟች ወንድሜን ሚኒባስ የኋላ ማርሽ ሦስት ጊዜ ሠራው። ሦስት ጊዜም አልገባ አለ። ስጠይቀው፣ «ወንድምህ ነዋ ያበላሸው፤ መች መንዳት ያውቅ ነበር?» አለኝ። ወንድሜ! በደጎሎ መንገድ ስንት ዓመት ሲመላለስ ዶሮ እንኳ ያልገጨው!

ሌላውን እችል ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩም። ሽማግሌ ጠራሁ።

«ሟች ባልሰማው ነገር አይወቀስም» አሉ ሼህ ሰይድ። «መቃብሩ ድረስ እንሂድና ፊት ለፊት ንገረው።»

ይመርን ይዘን በዚያው ሚኒባስ ሄድን። መንገዱ የመቃብሩ አጥር ጋ ያበቃል፤ መዞሪያ የለውም። ገና ማንም ሳይወርድ፣ ለመመለሻ እንዲመች ወደ ኋላ ላወጣው ብል የኋላ ማርሹ አሁንም እምቢ አለ። ይመር ወርዶ ከፊት ሆኖ ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ሼህዬ፣ ትንሽ ቢወርዱልኝስ?» አለ እያለከለከ።

«ግፋ እንጂ ልጄ! ሟቹ ተነሥቶ ይግፋልህ?»

ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

በማግስቱ ይመር ለአራተኛ ጊዜ ሠራው፤ ማርሹም ገባ። ይመር ዛሬም የሰው መኪና ከፍቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ አሁን ግን አስቀድሞ፣ «ከእኔ በፊት የነካው በሕይወት አለ?» ብሎ ይጠይቃል።