ሁለት ደረጃ ወርደው የሚጎበኟቸው መሥራች

በከተማ ጥግ የበቀለ ሰፈር ሁሉ «እኔ ስመጣ እዚህ ምንም አልነበረም» የሚል አንድ ሰው አለው። ፖስታ ቤት የሌለው ሰፈር አውቃለሁ፤ የውሃ መውረጃ ቦይ የሌለውማ የኛው ነው። ይህ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የኛው ክቡር ጋሼ ኤካምባራም ይባላሉ። ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው፣ በራሳቸው ሹመት የታማራይ ናገር መሥራች ናቸው። ታማራይ ናገር ከቼናይ ከተማ በስተደቡብ፣ ሐይቅ ተደፍኖ የተሠራ ሰፈር ነው።

የጋሼ ኤካምባራም «ምንም» ብዙ ነገር የታጨቀበት ምንም ነው። ሐይቁ አለበት፣ የሩዝ ማሳው አለበት፣ የሚያላዝኑ ቀበሮዎች አሉበት። እኔ ዕድሜዬን በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ስላሳለፍኩ ቁጥር ሲዛባ ያሳክከኛል፤ ስለዚህ ነገሩን ልብ ብዬ ተከታትያለሁ። መጀመሪያ የነገሩኝ ጊዜ ቀበሮዎቹ ሁለት ነበሩ። ዐምና ሰባት ደርሰዋል። ሐይቁ ከተደፈነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቀበሮዎቹ ግን መዋለዳቸውን አላቆሙም።

አቅጣጫ የሚያሳዩትም በሌለ ነገር ነው። አንድ ቀን ምሳ የሚያደርስ ባለሞተር ላብ በላብ ሆኖ መንገድ ጠየቃቸው።

«ከወፍጮ ቤቱ ወደ ግራ ታጠፍ።»

«የምን ወፍጮ ቤት፣ አባባ? ሦስቴ ዞርኩ እኮ! ያለው የሠርግ አዳራሽ ነው።»

«እሱ ነዋ! ወፍጮ ቤቱን አፍርሰው ነው የሠሩት።»

«ታዲያ የሠርግ አዳራሽ አይሉኝም?»

«አዳራሹ ትናንት የመጣ ነው!» አሉ በንቀት። አዳራሹ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

«እርስዎ ሲመጡ ምንም አልነበረም አላሉም እንዴ?» አልኳቸው ከአጥሬ ላይ።

«ከወፍጮ ቤቱ በቀር!»

በኛ ሰፈር የነባርነት ማስረጃው ወረቀት ሳይሆን ከፍታ ነው። መንገዱ በታደሰ ቁጥር አዲሱ ሬንጅ በአሮጌው ላይ ይደፋል፤ መንገዱ ያድጋል፣ ቤቶቹ ባሉበት ይቀራሉ። አዲስ የመጣ ሰው ይህን ያይና የቤቱን መሠረት ከጎረቤቱ አንድ ክንድ አስበልጦ ያቆማል። ስለዚህ ማን መቼ እንደመጣ ለማወቅ እግርን መጠየቅ ይበቃል። ዐምና የመጡት ዘንድ ሽቅብ ይወጣል፤ እኔ ዘንድ እኩል ይገባል፤ ጋሼ ኤካምባራም ዘንድ ሁለት ደረጃ ይወረዳል። ሲሠሩት ሦስት ደረጃ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። «ክብር ያለው ሰው ዘንድ ዝቅ ተብሎ ነው የሚገባው» ይላሉ።

ዘንድሮ ከዝናቡ በፊት መንገዱ እንደገና ሊታደስ ነው ተባለ። ዐምና ውሃው ከደጃፋቸው አንድ ጣት ሲቀረው ነበር የቆመው፤ አንድ ንጣፍ ከተጨመረ ሳሎን መግባቱ ነው። ልጃቸው ዲናካር ከመሀል ከተማ፣ ከዐሥራ አራተኛ ፎቅ ወርዶ መጥቶ ቁርጡን ነገራቸው።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ውሃ ቤት ከገባ እኔ ጋ ትመጣለህ። ቤቱን እንሸጠዋለን። ማልልኝ።»

«ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ያልፋል? ለማን ነው የማወራው፣ ለአሞራ?»

«ማልልኝ ብያለሁ።»

ማሉ። ጋሼ ኤካምባራም ቀበሮ ያበዛሉ እንጂ መሐላ አያፈርሱም።

ሰፈሩ በልቡ እፎይ ያለ መሰለኝ። አልፈርድበትም፤ እኔም ከሳቸው ለማምለጥ ሠላሳ ዓመት በጓሮ በር የወጣሁ ሰው ነኝ። የምታዳምጣቸው ሚስቴ ሱጋንቲ ነበረች። ጥር ላይ እሷ ስታርፍ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አጽናናኝ፣ ወጉ ሲያበቃም ወደየሥራው ሄደ። ጋሼ ኤካምባራም ግን አንድም ቀን አላጽናኑኝም። በየማለዳው እየመጡ፣ አሬራዬን እየጠጡ፣ ሱጋንቲ ጉድጓድ ያስቆፈረች ጊዜ፣ ሱጋንቲ ከአውቶቡሱ ሾፌር ጋር የተጣላች ጊዜ እያሉ ያወራሉ። ቤቴ ውስጥ ስሟን ሳይፈራ የሚጠራ ሌላ ሰው አልነበረም። ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ከወጡ ይህም አብሮ መውጣቱ ነው።

ሬንጁ የመጣ ዕለት ጋሼ ኤካምባራም የፕላስቲክ ወንበራቸውን መንገድ በሚዳምጠው ሮሎ ፊት ዘርግተው፣ ሜትራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«አባባ፣ ይነሡ እንጂ! ሬንጁ እኮ ይቀዘቅዛል!» ብሎ ጮኸ ኮንትራክተሩ ሴልቫማኒ።

«ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ አሮጌውን ፋቅ።»

«እሺ በቃ፣ የርስዎን ደጅ ብቻ ልፋቅልዎት። ተስማማን?»

«የኔን ብቻ? ኩሬ ልታደርገኝ ነው? የሰፈሩ ውሃ ሁሉ እኔ ላይ ሊንቆረቆር! መንገዱ በሙሉ ይፋቃል፤ አለዚያ በላዬ ላይ ሂድበት።»

የሮሎው ሾፌር ሞተሩን አጠፋና ላቡን እየጠረገ ወረደ። የዋህ ሰው ነው። «ለመሆኑ አባባ፣ ድሮ እዚህ ምን ነበር?» ሲል ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ማንም ምንም አልሠራም።

በዚያ መካከል ማዘጋጃ ቤት ደርሼ ለመመለስ በቂ ጊዜ አገኘሁ። መንገድ ስለ ማንጠፍ አላውቅም፤ ወረቀት የት እንደሚተኛ ግን አውቃለሁ።

«የሥራ ውል ቅጂ በሠላሳ ቀን ነው የሚሰጠው» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«ማየትስ?»

ዓይኗን አንከባለለች። «ማየት አሁንም ይቻላል።»

አየሁ። ገጽ ዐራት፣ አንቀጽ ሁለት፦ አሮጌው ንጣፍ በመንገዱ ርዝመት ሙሉ ተፍቆ ይነሣል። አንቀጹን ከነቁጥሩና ከነቀኑ ገልብጬ ተመለስኩ። ስደርስ ቀበሮዎቹ ዘጠኝ ሆነዋል፤ ሾፌሩ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ያዳምጣል።

አንቀጹን ለሴልቫማኒ ቃል በቃል አነበብኩለት።

«እርስዎን ደግሞ ምን አገባዎት? ቤትዎ እንደሆን ውሃ አይነካው!»

«ጎረቤቴ ናቸው» አልኩት።

ሴልቫማኒ ራሱን አከከ፣ ሁለት ቦታ ስልክ ደወለ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተቆጡት መሰለኝ ፊቱ ተለዋወጠ። በማግስቱ የመፋቂያው ማሽን መጣ። ጋሼ ኤካምባራም ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተከትለውት ሄዱ፤ በየዐሥር እርምጃው የተፋቀውን ጥልቀት በሜትራቸው ይለካሉ። ምስጋና የሚሉት ነገር ግን አልለመደባቸውም።

«ገጽ ዐራት ለመድረስ ሠላሳ ዓመት ፈጀብህ፣ አንተ የመዝገብ ሰው?» አሉኝ።

የክረምታችን ወር ኅዳር ሲገባ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጃንጥላዬን ይዤ ተሻገርኩ። እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ ለማንም አልተናገርኩም። ጋሼ ኤካምባራም ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ግቢያቸው ውስጥ ውሃ ይለካሉ። ስልካቸው ጮኸ።

«ገባ?» አለ ዲናካር፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አልገባም። ከደጃፉ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ቆሟል።»

«እውነትህን ነው፣ አባዬ?»

«ምስክር አለኝ፤ ያውም የመዝገብ ቤት ሰው» ብለው ዘጉት።

ከፍ ባለው አዲሱ ቤት የገቡ፣ ከሰሜን የመጡ ሙሽሮች በረንዳቸው ላይ ተጠጋግተው ቁልቁል ያዩናል። ዝናቡ አስደንግጧቸዋል።

«ኑ ውረዱ እንጂ፣ ምን ያስፈራችኋል!» ብለው ተጣሩ ጋሼ ኤካምባራም። ሙሽሮቹ ጫማቸውን አውልቀው እየተንሸራተቱ ወረዱ። «ይሄም ዝናብ ሆኖ! ዝናብስ የዚህ ሰውዬ ሚስት የመጣች ዕለት። ሱጋንቲ ትባላለች። ውሃው እስከ ጉልበት ነው፤ እሷ ጽጌረዳ የተተከለበት ማሰሮ በራሷ ተሸክማ፣ ከጭነት መኪናው ዘላ ወረደች። ስትስቅ ባያችኋት!»

ያን ቀን እኔም አውቀዋለሁ። ግንቦት ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልዘነበም። ማሰሮው ውስጥ የነበረው ለወጥ የሚሆን የቅመም ቅጠል ነው፤ የተሸከምኩትም እኔ ነኝ።

ሙሽራዋ ወደኔ ዞረች። «እውነት ነው፣ ጋሼ?»

«ጽጌረዳው ቀይ ነበር» አልኳት።