ከገመድ አልጋ ላይ የሚያዘምቱት ቻውቤ ጂ

ጦርነት ግዴታ ነው እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ደም ሲያዩ ራሳቸውን ይስታሉ። ይህን በጥናት አልደረስኩበትም፤ የቻውቤ ጂ ጎረቤት ሆኜ ስኖር ነው ያወቅሁት። የእናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። «ጂ» እያልን የምናከብራቸው የእኛው ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ፓንዲት ጊራጅ ቻውቤ ግን ከሁሉም ይብሱ ነበር።

ማታ ማታ ከኒሙ ዛፍ ሥር በገመድ አልጋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ከክብደታቸው የተነሣ አልጋው መሬት ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው። ትምህርታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለት ሠራዊት ተፋጦ ቆሟል፤ ጦረኛው ከፊት ለፊቱ የቆሙት የአጎቱ ልጆች መሆናቸውን አይቶ ቀስቱን ጥሎ ተቀምጧል፤ ሰረገላውን የሚነዳለት ጌታ ክሪሽና ደግሞ ተነሥተህ ተዋጋ ይለዋል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጎረንናል። «ያለ ጥላቻ! ያለ ስስት! ግዴታህ ስለሆነ ብቻ!» እያሉ አልጋውን በጡጫ ይመቱታል። ከዚያ የጦርነቱ መለከት ይነፋል፣ ሻይ ይመጣል፣ ትምህርቱም ያበቃል። ጦርነቱ ሲያልቅ ምን እንደ ሆነ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ሻዩ ይቀድማቸዋል።

ቻውቤ ጂ ተልዕኮም ነበራቸው። «ጌታ እኔን ወደዚህ ሰፈር የላከኝ እናንተን እንድቀሰቅስ ነው» ይሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ገና ጎህ ሳይቀድ ጸናጽል እያንሿሹና እየዘመሩ በየበራችን ያልፋሉ። ባለ ወተቱ አንድ ቀን ቢጨንቀው፣ «ፓንዲት ጂ፣ እኛስ ነቅተናል፤ እባክዎ ላሞቹን አያስበርግጉብኝ» አላቸው። እሳቸው ግን ላሞቹንም ባርከው አለፉ።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጦጣ መነጽራቸውን መንጭቆ ጣሪያ ላይ ወጣባቸው። የእኛ አገር ጦጣ ካሣ ሳይቀበል ዕቃ አይመልስም። እኔ ዱላ ሳነሣ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው! ጦጣው የራሱን ግዴታ ነው የሚወጣው።»

«የእርስዎስ ግዴታ?»

«የኔማ ሙዝ መግዛት ነው።»

አይጥም ቢሆን ያው ነው። ባለቤታቸው ራምካሊ በወጥመድ የያዘቻትን አይጥ እንዲገድሉላት ብትሰጣቸው፣ በክብር ተሸክመው ወንዝ ዳር ለቀቋት። ራምካሊ በር ላይ ቆማ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመች፣ «የኛ ሰውዬ ለሰው ሲሆን ሠራዊት ያዘምታል፣ ለአይጥ ሲሆን ይሸኛል» አለች። ሰፈሩ ለብዙ ጊዜ በዚህ ሲስቅ ከረመ።

ሳቁ የቆመው የሰፈራችን ገበሬ ሱጃን ሲንግ የተገደለ ጊዜ ነው። በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተው የወንድሙ ልጅ ኦምቪር በአካፋ ጭንቅላቱን መታው። ሱጃን ቦዩ ውስጥ ወደቀ፤ ውኃው ቀልቶ እስከ ስንዴው ድረስ ሄደ። ቻውቤ ጂ በሬሳው ላይ እንዲጸልዩ ተጠርተው መጡና ቦዩን ሲያዩ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ማንም አልሳቀም። ኦምቪር ጥቂት ቀን ብቻ ታስሮ በዋስ ወጣ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ውስጥ ተኛ። በየማለዳው የሱጃን ልጅ ቢጄንድራና የአባቱ ገዳይ ከአንድ ሰው ወተት ሲገዙ እናያለን።

ቢጄንድራ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ የገመድ አልጋ ግርጌ ተቀምጦ የተማረ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ሐዘኑ ሲዘጋ፣ እንደ ወጋችን የሟቹ ጥምጥም በልጁ ራስ ላይ ታሰረ። በማግሥቱ ከቻውቤ ጂ ጋር ተቀምጠን ሳለ መጣና እግራቸውን ነካ።

«ራዴ ራዴ፣ ፓንዲት ጂ።»

«ራዴ ራዴ፣ ልጄ። ና ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ኦምቪር የአጎቴ ልጅ ነው። የዚያ ጦረኛ ጠላቶችም የአጎቱ ልጆች ነበሩ፣ አይደል?»

ቻውቤ ጂ መነጽራቸውን አውልቀው አልጋው ላይ አኖሩ።

«ጥላቻ አይኑርብህ ብለውኛል። ራሴን ፈተሽኩ፤ የለብኝም። ዛሬ ጠዋት ወተት ቤት ሳገኘው ራዴ ራዴ ብዬዋለሁ። መሬቱንም አልፈልግም። ግዴታዬ ስለሆነ ብቻ ነው። ቀን ይዩልኝ።»

እኛ ዘንድ ቀን ሳይታይ የሚጀመር ነገር የለም። ሠርግ ቢሆን፣ ጉድጓድ ቢሆን፣ ትራክተር መግዛትም ቢሆን ሰው ወደ ቻውቤ ጂ መጥቶ መልካሙን ሰዓት ይጠይቃል። ልጁም የሠርግ ቀን እንደሚጠይቅ ሰው እጆቹን አጣምሮ የሚገድልበትን ቀን ጠየቀ።

«ልጄ» አሉ ቻውቤ ጂ፣ «የወገን ደም ነው። እናትህን አስብ እንጂ። ማንን ይዛ ትቅር?»

«ጦረኛውም መጀመሪያ እንዲህ ብሎ ነበር። ጌታ ምን ብሎ እንደ መለሰለት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ቻውቤ ጂ ቀን የሚያዩበትን መጽሐፍ አነሡና መነጽራቸውን ሳያደርጉ ገለጡት። ያለ መነጽር ዝሆንም አይታያቸውም። ገጹን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና፣ «ክፉ ነው» አሉ። «ኮከቡ ዞሯል። አሁን ብትነሣ የአባትህን ነፍስ መንገድ ላይ ታስቀራለህ። ዝናቡ እስኪገባ ጠብቅ።»

ልጁ እጅ ነሥቶ ሄደ።

«ቻውቤ ጂ» አልኩ፣ «ዋሹት እንዴ?»

«ዋሸሁት።» እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። «ቀን ሳይ ዋሽቼ አላውቅም። የገዛ እኅቴ ሠርግ ላይ ቀኑ እምቢ ሲል እምቢ ብዬ አስለቅሻታለሁ።»

«ታዲያ ትምህርቱ ስሕተት ነው ብለው ለምን አይገላገሉም?»

«ጌታ ይሳሳታል? ጌታ ተነሣ ሲለው የነገሩን መጨረሻ ያውቅ ነበር። እኔ የማታ እራቴን እንኳ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ የሰውን ልጅ ተነሣ ያልኩት ግን እዚህ ተጋድሜ ነው።»

ዝናቡ ገባ፤ ቢጄንድራም መጣ። ጌታ አራት ወር የሚተኛበት ወቅት ነው ተባለ፤ ጌታ ተኝቶ ማን ይዋጋል? ጌታ ሲነሣ ደግሞ ጨረቃዋ ጎደለች፣ ከዚያ ፀሐይዋ ክፉ ቤት ገባች። ቻውቤ ጂ ለሰፈሩ ማስተማራቸውን ተዉ። ቢጄንድራ በመጣ ቁጥር ግን እስከዚያ ድረስ አስተምረውት የማያውቁትን ክፍል ያነቡለት ጀመር፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሴቶቹ ሜዳው ላይ እየዞሩ የባሎቻቸውንና የልጆቻቸውን ሬሳ የሚፈልጉበትን። ልጁ እስከ መጨረሻው ይሰማና፣ «ቀኑስ?» ይላል።

በዋሹ ቁጥር ቅጣት ብለው ለብዙ ቀን ይጾማሉ። መጀመሪያ ቦርጫቸው ሄደ፤ እኛም አማረብዎ አልናቸው። ከዚያ ጉንጫቸው ሄደ፣ ድምፃቸው ሄደ። ራምካሊ ለአይጧ ጊዜ እንዳደረገችው ሰው አላስቆመችም፤ በር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ ተናደድኩ፤ በልጁም፣ በኮከቡም፣ በእሳቸውም ተናደድኩ። አንድ ቀን በማንኪያ ወተት ልሰጣቸው ብል አፋቸውን እንደ ሕፃን ገጠሙብኝ።

«ዛሬ ዋሽቻለሁ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ጌታ የላከኝ ልጁን ላስነሣ መስሎኝ ነበር። ለካ ላስቀምጠው ኖሯል።»

በወጣቶቹ ስልክ ውስጥ ቀን የሚያይ ነገር አለ። አሁን አሁን ሠርግ ሲደርስ ሁሉም ከዚያ ነው የሚያየው። ቢጄንድራም ስልክ አለው። አይቶ ይሁን ሳያይ አላውቅም፤ ግን የሚጠይቀው ሁልጊዜ እሳቸውን ብቻ ነበር።

ቻውቤ ጂ በበጋው ሙቀት መካከል ሞቱ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። አስከሬኑን ከወንዙ ዳር እንጨት ላይ ካጋደምን በኋላ፣ «እሳቱን ማን ይለኩስ?» ሲባል፣ ሴት ከማይመጣበት ቦታ ድረስ ተከትላን የመጣችው ራምካሊ፣ «ቢጄንድራ ይለኩሰው። ሰውዬው ብሎኛል» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ዘሩ ሌላ፣ ወገኑ ሌላ፣ እንዴት ተደርጎ አሉ።

«የሰማው እሱ ብቻ ነው» አለቻቸው። ወደ እኔም ዞረች። «እናንተማ የምትመጡት ለሻዬ ነበር።»

ቢጄንድራ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ እሳቱን ለኮሰ። በወንድ ልጅ ቦታ ሆኖ እሳት የለኮሰ ሰው እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን መሬት ላይ ይተኛል፣ በቀን አንዴ ይበላል፣ በማንም ፍጥረት ላይ እጁን አያነሣም። ነገሩ የገባኝ ጭሱ ሲወጣ ነው፤ ሽማግሌው ከሞቱም በኋላ ጥቂት ቀን አስገኙለት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያን ወፍራም፣ ያን ጯሂ፣ ያን ከአይጥ የተሸነፈ ሰው ምን ያህል እንደምወደው ለራሱ ነግሬው አላውቅም።

ከቃጠሎው ስንመለስ ወደ ኋላ አይታይም። ቢጄንድራ ከጎኔ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ይራመዳል። ስናልፍ ኦምቪር ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ አየነው፤ ጫማውን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጥቂት እንዳለፍን፣ «አጎቴ» አለኝ ቢጄንድራ፣ እኛ ዘንድ ለታላቅ ሰው እንደሚባለው።

«አቤት ልጄ።»

«ከአሥራ ሦስተኛው በኋላ ያለው ቀን እንዴት ነው?»

እኔ ስለ ኮከብ የማውቀው ማታ ማታ እንደሚወጣ ብቻ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ክፉ ነው» አልኩ። «በጣም ክፉ ነው። ዝናቡ እስኪያልፍ ድረስ አይነካም።»

ከቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ቆመ።

«እንግዲያው ሲያልፍ እመጣለሁ» አለ።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ከጎረቤት የመጣ ምግብ አቀረበችልኝ። ሳህኑን መለስኩላት።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«አይ» አልኳት፣ «ዛሬ ዋሽቻለሁ።»