ባለ ሦስት ምሰሶው በግ

የድሮ ዘፈን የሚዘፈንበት የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ሁሉ አንድ የማይቀርለት ሰው አለው። እጁን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዘፈኑ የረዘመ መግቢያ ይናገራል። እኛ ዊትቢ ወደብ ዳር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በምንሰበሰብበት ፎቅ ላይ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሚስተር ኦስዊን ግሪምሾ ናቸው።

እጅ ጆሮ ላይ የሚደረገው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አጣርቻለሁ፤ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ አጥርቶ እንዲሰማ ነው። ሚስተር ግሪምሾ ሁለቱንም ጆሯቸውን የሚይዙበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ የሚዘፍነው ሌላ ሰው ነው።

የሚዘፍኑት ከድሮ የገበያ ወረቀቶች ነው። በአንድ ፔኒ ይሸጡ የነበሩ፣ ስቅላት፣ የመርከብ መስጠምና የከዳ ፍቅር በግጥም የታተመባቸው ነጠላ ገጾች ናቸው። እንዴት ደስ የሚሉ ነገሮች መሰሏችሁ! አታሚው ከመቸኮሉ የተነሣ ወንጀለኛው ገና ሳይሰቀል የመጨረሻ ኑዛዜው ገበያ ላይ ይውል ነበር። በዚህ ጥድፊያ ፊደል መሳቱ አይገርምም። የሚገርመው ሚስተር ግሪምሾ ስሕተቱንም አብረው መዝፈናቸው ነው።

“እንደዚያ ነው የታተመው” ይላሉ። በዚህ ቃል ያልዘጉት ክርክር የለም። አንድ ጊዜ መንገዱን መሄድ ያቆመ አውቶቡስ ዝናብ ላይ ቆመው ሲጠብቁ አግኝቻቸው፣ አውቶቡሱ እንደቀረ ብነግራቸው በጣታቸው የፌርማታው ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ የጉዞ ሰዓት አሳዩኝ። እንደዚያ ነበር የታተመው።

ዋናው ጠብ ግን “የመርከበኛው እጮኛ ልቅሶ” በሚባል ዘፈን ላይ ነው። በእንግሊዝኛ “መርከብ”ና “በግ” ለጆሮ መንታ ወንድማማቾች ናቸው። አታሚው አንዱን በሌላው ስለተካ፣ መርከበኛው እስከ ዛሬ የሸራ ምሰሶ በተተከለበት በግ ይጓዛል፦

ባለ ሦስት ምሰሶ በግ ላይ ወጥቶ፣
ሄደ ውዴ እኔን ወደብ ላይ ትቶ።

ጡረታ የወጣችው መምህርት ሮዌና ታትል ተራዋ ሲደርስ “መርከብ” ብላ ትዘፍነዋለች። ሚስተር ግሪምሾም ሁለቱን ጆሯቸውን ይይዛሉ።

“አንተ ሽማግሌ፣ በግ ምሰሶ አለው?”

“ድሮ ሱፍ የሚጭን መርከብ በግ ይባል ነበር።”

“የት ተጽፏል?”

“ወረቀቱ ላይ ነዋ። እንደዚያ ነው የታተመው።”

“ሣርም ይግጥ ነበር በለኛ።”

“እሜቴ ሮዌና፣ ሙታንን አናርምም።”

“እኔ የማርመው አታሚውን ነው።”

“እሱም ሞቷል።”

ባለፈው የበረዶ ወራት ሚስተር ግሪምሾን ስትሮክ መታቸው። ንግግራቸው ቢመለስም ቃላት ይጠፉባቸው ጀመር፤ ማንኪያ ሲፈልጉ “መልሕቅ አቀብለኝ” ይሉ ነበር። በጸደይ ደረጃውን በዝግታ ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

“ዛሬ የመርከበኛውን እጮኛ ልቅሶ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዘፍናለሁ” አሉ። “ካቃተኝ ይሄ ወንበር ለሌላ ሰው ይሁን። ዳግመኛ አልመጣም።”

ከዚያ ያለ መግቢያ ጀመሩ። እኛን ያስፈራን ይኸው ነው።

ድምፃቸው ደህና ነበር። የዘፈኑ ልጅ ከቤቷ ወጣች፣ ወደቡ ደረሰች፣ ባሕሩን አየች። እዚያ ላይ ሚስተር ግሪምሾ ቆሙ። እጃቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም።

በእኛ ቤት ዘፋኝ ቃል ሲጠፋበት፣ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ቃሉን ቀስ አድርጎ ያቀብለዋል። ዘፈኑን ከእሳቸው ሌላ የምታውቀው ሮዌና ብቻ ናት። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል፣ በቀጭን ድምፅ አወጣችው፦

“ባለ ሦስት ምሰሶ በግ ላይ ወጥቶ…”

“ሄደ ውዴ እኔን ወደብ ላይ ትቶ” ብለው ሚስተር ግሪምሾ ተቀበሏት፤ መርከበኛው እስኪሰምጥ፣ ልጅቷም በኀዘን እስክትሞት ድረስ አልቆሙም። በበጉ ማንም አልሳቀም።

ደረጃውን ስንወርድ፣ “ሮዌና፣ በግ አልሽ እኮ” አልኳት።

“እንደዚያ ነው የታተመው” አለች፣ ፊቷን አዙራ።

ከኋላችን የከዘራ ድምፅ ተሰማ።

“ቸኮልሽ እንጂ” አሉ ሚስተር ግሪምሾ። “እኔ እኮ ትንፋሽ እየወሰድኩ ነበር።”

በሚቀጥለው ማክሰኞ መግቢያቸው ከዘፈኑ ሁለት እጥፍ ረዘመ። ቢራዬን አስቀምጬ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ሰማሁት።