አባ ጉልቤ ጀምበሩ በተኛው ባሌስትራ ላይ ያደረጉት ዘመቻ

በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጀምበሩ ከመንግሥት ሹፌርነት በክብር በተሰናበቱ በአራተኛው፣ ጉልቤ የተባለችውን አሮጌ ፒካፕ በገዙ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰሊጥ ታጭዶ በየማሳው በሚቆምበት በወርኃ ኅዳር፣ በመተማ ዮሐንስ ከተማ ይህ ሆነ።

የምጽፈው እኔ መምህር ያረጋል ነኝ፤ ትውልዴ ጎጃም፣ ኑሮዬ በጀምበሩ ግቢ በኪራይ። በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የያዝሁትን ብቻ እጽፋለሁ፤ የያዝሁትም አብዛኛውን ጊዜ ክሪክ ነበር።

ጀምበሩ ማን ናቸው ቢሉ፣ የዋልካ መንገድ ድል አድራጊ፣ የሞተርን ሕመም በጆሮ የሚለዩ፣ ክርናቸውን በመስኮት አውጥተው የሚነዱ፣ ፈረስ ስለሌላቸው በመኪናቸው ስም አባ ጉልቤ የተባሉ ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ጉልቤ አፍንጫዋን ወደ ምድር ደፋች፤ በግራም አዘነበለች፤ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ብረት ከብረት ይላተም፣ የተሳፋሪውም ጥርስ ይንቀጫቀጭ ነበር።

ያን ጊዜ ልጃቸው ምስራቅ ከኮኪት ገባ ብሎ ባለው እርሻ ሴት ልጅ ወልዳ ነበርና፣ የክርስትናው ቀን እሑድ ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የጀምበሩ ባለቤት እትዬ አየሁሽ በደጃፍ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦

«ጎረቤት ስማ! በዚህች በተደፋች መኪና ከሄድሁ ወገቤ ከኮኪት አይመለስም። እስከ ቅዳሜ ካልተቃናች የልጅ ልጄን ክርስትና በአዛናው መኪና ሄጄ እበላለሁ። ብያለሁ!»

አዛናው የጭነት መኪና ያለው ጎረቤታችን ነው። ጀምበሩ ይህን አዋጅ በሰሙ ጊዜ ምሳቸውን ገፉ። አርባ ዓመት መሪ ይዘው የሰውን ሁሉ ሚስት፣ የሰውን ሁሉ በሽተኛ፣ የሰውን ሁሉ ሙሽራ አድርሰዋል፤ የራሳቸውን ሚስት ሌላ ሰው ሲያደርስ ማየት ከሞት የከፋ መሰላቸው።

ወእምዝ በሰኞ ዕለት አዛናው ራሱ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና «ሾኩ ነው፤ ሾኩን ቀይር» ብሎ ፈረደ። ሾኩ ተቀየረ። ጉልቤ ግን እንደተደፋች ቀረች።

«እንግዲህ አርጅታለች፤ ሰውም ሲያረጅ ይጎብጣል» አለ አዛናው።

«ሰው ሲጎብጥ ምርኩዝ ይይዛል፤ ይህቺ ምን ትያዝ?» አሉ ጀምበሩ፤ ከዚያ በኋላ የሰው ምክር መስማት ተዉ።

ማክሰኞ ጉልቤን ወደ ሰሊጥ መጋዘን መሩዋት፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ እንደ ጠረጴዛ ልክ ነውና። ሸክሟም ወረደ፤ እርሱም ሁለት ኩንታል ማሽላ፣ ሦስት ጀሪካን፣ አንድ ትርፍ ጎማ፣ እጀታ የሌለው አካፋ፣ ከወንበር ሥር ደግሞ ማን እንደጣለችው ያልታወቀ እንቁላል ነበር። የአራቱም ጎማ ንፋስ እኩል ተሞላ። ጀምበሩ የማሽላ አገዳ ቆርጠው ከጎማው መካከል እስከ መከለያው ጠርዝ ለኩ፤ በቢላዋም ምልክት አደረጉ። ግራው ከቀኙ በሦስት ጣት አንሶ ተገኘ።

ከዚያም በጀርባቸው ተንሸራትተው ከሥሯ ገቡ፤ ጭቃውንም በጥፍራቸው ፋቁ። እነሆ፣ የፊተኛው ግራ ባሌስትራ፣ እንደ ቀስት ይጎብጥ ዘንድ የተሠራው ድርብርብ ብረት፣ እንደ ጣውላ ተዘርግቶ ተኝቷል። ሾክ ንዝረት ያበርዳል እንጂ መኪና አይሸከምም፤ የሚሸከመው ይህ ነበረ። ነገሩን ሳልደብቅ ልጻፈውና፣ የቀኙም ባሌስትራ ጉብጠቱን ከተወ ቆይቷል፤ ጀምበሩ ግን አይተው እንዳላዩ አለፉት።

ረቡዕ ድንበር ተሻግረን ገላባት ከኸሊል ሱቅ ደረስን፤ ኸሊል አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሱዳናዊ ነው፤ ባሌስትራን በአገሩ ቃል ያይ ይለዋል። ጥንዱን አውጥቶ ከፊታችን ዘረጋ። ጀምበሩ አንዱን ብቻ አነሱ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ያይ እንደ በሬ ነው፤ ጥንድ ነው። ወይፈንና ሽማግሌ በሬ አብረህ ትጠምዳለህ?»

«ቀኙ ገና ወታደር ነው» አሉ ጀምበሩ።

ኸሊል ትከሻውን ሰበቀና ሻይ አዘዘልን።

ሐሙስ በግቢያችን ጦርነቱ ተከፈተ። ጉልቤ በክሪክ ተነሣች፤ ከሥሯም ግንድ ተደገፈ፤ ጎማው ወጣ። ባሌስትራውን ጎማዎቹን ከሚያያይዘው ብረት፣ ከአክሱ ጋር አቅፈው የያዙት ቡሎኖች ግን ዝገው አንድ አካል ሆነዋል። ናፍጣ አጠጣናቸው፤ ጠበቅን፤ መታን፤ ደግመን አጠጣን። ጀምበሩ በመፍቻ ቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክተው፣ በላዩ ላይ በሁለት እግራቸው ቆመው፣ ቅዱስ ሚካኤልን ጠርተው ዘለሉ። ቡሎኑ ጮኸ፤ ተፈታም። አሮጌው ወጣ፤ አዲሱ ገባ፤ ክሪኩ ወረደ።

ጉልቤም በግራ በኩል ቀና አለች፤ በቀኝ በኩል ግን ወደቀች።

እትዬ አየሁሽ ከቤት ወጥተው ራሳቸውን ወደ ቀኝ ዘመም አድርገው ተመለከቷት።

«ጎሽ» አሉ፤ «በግራ የነበረውን በቀኝ አደረግኸው። ይህም ሥራ ነው።»

አዛናው ባጥር ላይ ሳቀ፤ ጎረቤትም ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ፊቴን ወደ ክሪኩ አዞርሁ። ጀምበሩ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ መልሰውም ጠረጉ። እኔ ቁልፉን ይወረውሩታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ከጉልቤ መረገጫ ላይ ወጥተው፣ አጥር ድረስ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኸሊል ጥንድ ነው ብሎኝ ነበር። ዓይኔም አይቶ ነበር። ኩራቴ ነው እንቢ ያለው። ተሳስቻለሁ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። አየሁሽ ገብተው፣ እጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ይዘው ወጡ፤ ውሃውንም ራሳቸው አፈሰሱላቸው።

ዓርብ በማለዳ፣ ኸሊል ለጁምአ ሱቁን ሳይዘጋ ደረስን። ሁለተኛውን ባሌስትራ በጆንያ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጦት ነበር።

«ትናንት ነበር የጠበቅሁህ» አለ።

ቀኙ ተቀየረ። ጀምበሩ ቅዳሜ ጧት እንደገና አገዳ ቆርጠው ለኩ፤ ግራና ቀኙ አንድ ሆነ። ከቀትር በኋላ ጉዞ ሆነ። በፊት ወንበር አየሁሽ፤ በኋላ ጭነቱ ላይ ሦስት የሠፈር ሴቶች፣ የክርስትናው በግ፣ ጠላ የሞሉ ጀሪካኖች፣ በመጨረሻም እኔ ነበርን።

ከኮኪት ወዲያ ዋልካው ተሰነጣጥቆ መንገዱ የታረሰ መስሏል። ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ስንቀርብ ሁላችንም ጥርሳችንን ነከስን። ጉልቤ ወረደች፤ ቀስ ብላም ተነሣች፤ የብረት ድምፅ አልተሰማም። ጀምበሩ ወደ ባለቤታቸው ፊት ዘወር አሉ። አየሁሽ ወደ ማሳው ይመለከታሉ። በመንገዱ እኩሌታ ጀምበሩ ቆመው ቡሎኖቹን ደግመው አጠበቁ፤ አዲስ የታሰረ ቡሎን ሸክም ሲቀምስ ይላላልና። ሲመለሱም ሞተሩን ሊያስነሡ ዘርግተውት የነበረውን እጃቸውን ሰበሰቡ። በኋላው መስኮት አጮልቄ አየሁ፤ አየሁሽ ራሳቸውን በበሩ ላይ አስደግፈው ተኝተዋል።

ከቆይታ በኋላ ሞተሩን በቀስታ አስነሥተው፣ የቀረውን መንገድ ሰው በእግሩ እስኪቀድመን ድረስ በዝግታ ነዱ። ምስራቅ ሕፃኗን ታቅፋ እልል እያለች ከግቢዋ ብትወጣ፣ ጀምበሩ ጣታቸውን ከከንፈራቸው ላይ አድርገው ጸጥ አሰኙዋት። እኛም ሁላችን፣ በጉ ሳይቀር፣ አየሁሽ እስኪነቁ ድረስ ከጭነቱ ላይ ሳንወርድ ጠበቅን።

እንግዲህ ሰላም ለክርናቸው፣ በመስኮት ለተንተራሰው። ሰላም ለጣቶቻቸው፣ ግሪስ እንደ ቀለበት ላጠለቁት። ሰላም ለጀርባቸው፣ የመጋዘኑን ሲሚንቶ ለታገሠው። ሰላም ለእግሮቻቸው፣ በቁልፍ እጀታ ላይ ለዘለሉት። ከሁሉ ይልቅ ሰላም ለአንደበታቸው፣ በጎረቤት ፊት ተሳስቻለሁ ላለው፤ ይህን ቃል ከሹፌር አፍ ሰማሁ የሚል ሽማግሌ ከመተማ እስከ ሳንጃ ፈልጌ አላገኘሁምና።